ስሙ የቀደመው ነገር፦ ስለ «ጨለማ ኃይል» እና ስለ ተራኪዎቹ

የመጽሐፍ ሂስ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ይጀምራል። እኔ ዛሬ የምጀምረው ከአንድ ስም ነው። በእንግሊዝኛ «ዳርክ ኢነርጂ» ይሉታል፤ በአማርኛ እንደ ተርጓሚው «ጨለማ ኃይል»፣ «ጥቁር ኃይል»፣ ሲያሻው ደግሞ «ጽልመታዊ ኃይል» ይሆናል። በዚህ ስም ዙሪያ ከተጻፉት የታወቁ መጻሕፍት ሁለቱን አነሣለሁ፦ የሪቻርድ ፓኔክን «ዘ ፎር ፐርሰንት ዩኒቨርስ» (2011) እና የኬቲ ማክን «ዚ ኤንድ ኦቭ ኤቭሪቲንግ» (2020)። ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ። የማልወደው ስሙ በአንባቢው ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው። መጻሕፍቱ ከዚያ ምን ያህል እንዳመለጡ አብረን እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክሴ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጨለማ ኃይል» የግኝት ስም ይመስላል፤ በእውነት ግን የጥያቄ ስም ነው። ጥያቄን በስም ጠርተን ስናበቃ ደግሞ መልስ ያገኘን ይመስለናል።

መጀመሪያ ድፎው

የሳይንስ መጻሕፍት የዩኒቨርስን መስፋት ለማስረዳት የዘቢብ ዳቦ መጋገር ይወዳሉ። ወደ አማርኛ ሲመለስም ዘቢቡ እንዳለ ይመጣል። ለእኔ ግን ጥቁር አዝሙድ የገባበት ድፎ ዳቦ ይሻለኛል። ሊጡ ኩፍ ሲል እያንዳንዷ የአዝሙድ ፍሬ ከሌሎቹ ሁሉ ትርቃለች። ፍሬዎቹ በሊጡ ውስጥ እየዋኙ አይደለም የሚራራቁት፤ በመካከላቸው ያለው ሊጥ ነው የሚያድገው። ብዙ ሊጥ የለያቸው ፍሬዎች ቶሎ ይራራቃሉ፤ ጥቂት ሊጥ የለያቸው ቀስ ይላሉ። ኤድዊን ሀብል በ1929 ያሳተመው ግንኙነት ይኸው ነው፦ ጋላክሲ በራቀ ቁጥር የሚሸሽበት ፍጥነት ይጨምራል። ቤልጂየማዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር በ1927 ተመሳሳይ ነገር ላይ ደርሶ ነበር።

ድፎው ግን ሁለት ቦታ ላይ ያሳስታል። አንደኛ፣ ድፎ ጠርዝ አለው፤ ኩፍ የሚለውም ወደ ባዶ ቦታ ነው። ዩኒቨርስ ግን የሚሰፋበት «ውጪ» አያስፈልገውም፤ ርቀቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚረዝሙት። ሁለተኛ፣ እርሾ ይደክማል። ይህ ሁለተኛው እስከ 1998 ድረስ ስሕተት አይመስልም ነበር። ቁስ ሁሉ እርስ በርሱ ስለሚሳሳብ፣ ስበት መስፋፋቱን ወደ ኋላ እየጎተተ ያዘገመዋል ብሎ ነበር አብዛኛው ተመራማሪ የሚጠብቀው። ጥያቄው «ምን ያህል እየዘገመ ነው?» የሚል ነበር።

ሁለት ቡድኖች ይህን ሊለኩ ተነሡ። አንደኛውን ሶል ፐርልሙተር ከበርክሊ ካሊፎርኒያ ይመራዋል። ሁለተኛውን ብራያን ሽሚት ከአውስትራሊያ ይመራዋል፤ የዚህን ቡድን ወሳኝ ትንተና የሠራው አዳም ሪስ ነው። ሁለቱም የተከታተሉት አንድ ዓይነት የከዋክብት ፍንዳታ ነው፤ «ዓይነት አንድ ኤ ሱፐርኖቫ» ይባላል። ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? የእነዚህ ፍንዳታዎች ትክክለኛ ድምቀት ሊሰላ ይችላል። እኩል ዘይት የተሞሉ ፋኖሶች በተለያየ ኮረብታ ላይ ቢቀመጡ፣ ደብዘዝ ያለው የራቀው ነው እንደማለት።

ታዲያ ሩቆቹ ፋኖሶች ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው ተገኙ። ማለትም ከተጠበቀው በላይ ርቀዋል። ማለትም መስፋፋቱ እየዘገመ ሳይሆን እየፈጠነ ነው። እርሾው የሚደክምበት ሰዓት ላይ ድፎው ይባስ ብሎ ኩፍ ማለት ጀመረ። ቡድኖቹ ለየብቻቸው እዚህ ውጤት ላይ ደረሱ፤ በ2011 ሦስቱ ሰዎች የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ፤ ግማሹ ለፐርልሙተር፣ ግማሹ ለሽሚትና ለሪስ።

የቺካጎው የኮስሞሎጂ ሊቅ ማይክል ተርነር «ዳርክ ኢነርጂ» የሚለውን ስም ያወጣው በዚያው በ1998 ነው። ግኝቱ ገና ትኩስ እንደሆነ ስም ወጣለት።

ስሙ ምን ጨመረ?

የተለካውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል፦ የዩኒቨርስ መስፋት እየፈጠነ ነው። በቃ። ስሙ ግን በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨምራል። አንድ «ኃይል» የሚባል ነገር እንዳለ፣ ያም ነገር «ጨለማ» እንደሆነ ይነግረናል።

እስኪ «ኃይል»ን እንየው። ለፍጥነቱ የቀረቡት ማብራሪያዎች በጥቅሉ ሦስት ቤት ውስጥ ይገባሉ። አንደኛው፣ ባዶ ቦታ ራሱ የማይለወጥ ኃይል አለው ይላል። ሁለተኛው፣ ቦታን የሞላና ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥ ነገር አለ ይላል። ሦስተኛው፣ ምንም አዲስ ነገር የለም፤ በጣም ሰፊ ርቀት ላይ ችግር ያለበት ስለ ስበት ያለን ሕግ ነው ይላል። ሦስተኛው እውነት ቢሆን «ኃይል» የሚለው ስም ከነጭራሹ ባዶ ይሆናል። ስሙ ዳኛው ሳይፈርድ ለሁለቱ ፈርዶላቸዋል።

በአማርኛ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። «ኃይል» የሚለው ቃላችን ሸክሙ ብዙ ነው፤ የመብራት ኃይል፣ የስበት ኃይል፣ የጦር ኃይል፣ መንፈሳዊ ኃይል። ስንሰማው ብርቱ፣ ገፍታሪ፣ አሸናፊ ነገር ነው የሚታየን። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። አሁን ባለው ልኬት የዚህ ነገር መጠን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከአራት የሃይድሮጂን አቶሞች ክብደት ያነሰ ነው። ምድራችን የያዘችውን ቦታ በሙሉ ወስደን፣ በዚያ ውስጥ ያለውን ሁሉ ብንሰበስበው ስድስት ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ሃያ የጤፍ ፍሬ በሉት። ምድርን በሚያህል ቦታ ውስጥ!

ታዲያ ሃያ የጤፍ ፍሬ እንዴት ዩኒቨርስን ያህል ነገር ያፋጥናል? መልሱ ወጥ ቤት ነው ያለው። ቁስ እንደ ወጥ ነው፤ ውሃ ሲጨመርበት ይቀጥናል። ዩኒቨርስ በሰፋ ቁጥር ያው ቁስ በሰፊ ቦታ ይበተናል፣ ስበቱም ይሳሳል። ይህ ነገር ግን፣ የመጀመሪያው ማብራሪያ ልክ ከሆነ፣ ስንት ማንቆርቆሪያ ውሃ ቢጨመርበት የማይቀጥን ወጥ ነው። ቦታ ሲጨምር እሱም አብሮ ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ቁስ ወፍራም ስለነበረ ስበት ያሸንፍ ነበር፤ ቁሱ እየቀጠነ ሄዶ ከአምስት ከስድስት ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ሚዛኑ ተገለበጠ። ዛሬ ከዩኒቨርስ ድርሻ 68 በመቶ ገደማው የዚህ ነገር ነው። ብርታቱ ጉልበት አይደለም፤ የትም ቦታ መኖሩና አለመቅጠኑ ነው። «ኃይል» ይህን ይነግረናል? አይነግረንም።

አሁን ወደ «ጨለማ»። አንድ ቀን ስለዚህ ጉዳይ በስልክ ስተርክ አክስቴ ከጓዳ ሰምታኝ ኖሮ፣ «ልጄ፣ የጨለማ ኃይል እያልክ በቤቴ አትጥራብኝ!» ብላ አማተበች። ሳቅኩ፤ ግን አክስቴ አማርኛዋን ነው የሰማችው። በቋንቋችን «የጨለማ ኃይል» ሰይጣን ነው፤ ከስብከት ከጸሎት የምናውቀው ሐረግ ነው። «ጥቁር ኃይል» እንበለው ብንል ደግሞ የ1960ዎቹን የአሜሪካ ጥቁሮች ትግል ይጠራብናል። የእንግሊዝኛው «ዳርክ» እዚህ ጋ የሚለው «አይታይም፣ አናውቀውም» ነው። ስለ እኛ ዓይን ነው የሚናገረው። የእኛ «ጨለማ» ግን ስለ ነገሩ ጠባይ ይናገራል፤ ክፉ ያደርገዋል። እኔ በበኩሌ «ስውር» የሚለውን እመርጣለሁ። ስውር ማለት ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ጉድለቱ የማየት እንጂ የነገሩ አይደለም።

አገባቡ ያምርልን እንጂ ስሙ ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ቅኔ ያየ ሰው ግን ይረዳኛል። ሰምና ወርቅ ውስጥ ሰሙ ወርቁን ሊያሳይ ነው የሚቀመጠው። እዚህ ጋ በእጃችን ያለው ሰም ብቻ ነው፤ ወርቁ ገና አልተገኘም። ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ የሚሸጥ ሲመጣ ነው ጣጣው።

«አገኙ» የሚለው መጽሐፍ

ሪቻርድ ፓኔክ የሳይንስ ጸሐፊ ነው። የመጽሐፉ ርዕስ የተወሰደው እኛ፣ ከዋክብቱ፣ ጋላክሲዎቹ፣ የሚታየው ሁሉ ተደምሮ ከዩኒቨርስ 4 በመቶ ብቻ ነው ከሚለው ስሌት ነው። ፓኔክ ትልቁ ጥንካሬው ሰው ማሳየት ነው። ቬራ ሩቢን የጋላክሲዎችን ሽክርክሪት ስትለካ፣ ጂም ፒብልስ በወረቀትና በእርሳስ ሲያሰላ፣ ሁለቱ የሱፐርኖቫ ቡድኖች የቴሌስኮፕ ሌሊት ለማግኘት ሲሻሙ፣ ሲቀናኑ፣ ማን ቀደመ ብለው ሲከራከሩ እናያለን። ሳይንስ ከሰማይ የወረደ መዝገብ ሳይሆን የሰዎች ሥራ መሆኑን ለማሳየት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ታሪኩ ሩጫ ነው። እኛ ደግሞ ሩጫ ሲሆን እናውቅበታለን፤ አሥር ሺህ ሜትር ስናይ ዙሩን እንቆጥራለን፣ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ከወንበር እንነሣለን። ሩጫ መጨረሻ መስመር አለው። ፓኔክ ጥያቄው እንዳልተዘጋ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በግልጽ ይናገራል፤ ችግሩ የመጽሐፉ ሙቀት እዚያ አለመሆኑ ነው። ሙቀቱ ያለው ማን ቀደመ የሚለው ላይ ነው። አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ አሸናፊውን ያስታውሳል፤ ያሸነፉት ምን እንደሆነ ገና እንደማይታወቅ ግን ይረሳል።

ርዕሱ ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2013፣ ፕላንክ የተባለችው የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ ውጤት ሲወጣ 4 በመቶው ወደ 5 ቀረበ። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ፓኔክንም ማንም አይወቅሰውም። ግን የሚንቀሳቀስን ነገር ሽፋን ላይ ስትቸነክረው የሚሆነው ይኸው ነው።

«ቢሆን» የሚለው መጽሐፍ

ኬቲ ማክ ራሷ የኮስሞሎጂ ተመራማሪ ነች፤ ቋንቋዋ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ለስልክ ትውልድ የሚስማማ ነው። ዩኒቨርስ እንዴት ሊያልቅ እንደሚችል አምስት መንገድ ትዘረዝራለች። ሦስቱ በቀጥታ ከእኛ ጉዳይ ጋር ይያያዛሉ። ስውሩ ነገር የማይለወጥ ከሆነ ሩቅ ጋላክሲዎች አንድ በአንድ ከእይታ እየወጡ፣ ከዋክብት እየከሰሙ፣ ሁሉም ነገር ቀዝቅዞ ያበቃል። እየበረታ የሚሄድ ከሆነ ጋላክሲዎችን፣ ቀጥሎ እንደ ፀሐይ ቤተሰብ ያሉትን፣ በመጨረሻም አቶሞችን ይቀዳድዳል። ተዳክሞ ወደ መሳብ ከተገለበጠ ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ይሰበሰባል።

የማክ ድክመት የርዕሱ ማባበያ ነው። «የሁሉም ነገር መጨረሻ» ሲባል፣ በተለይ እኛ ጋ፣ ምጽአት የሚጠብቅ ጆሮ ይነቃል። ጥፋት ይሸጣል፤ እሷም ታውቀዋለች። በቢሊዮንና ከዚያ በላይ በሚቆጠር ዓመት ስለሚሆን ነገር ዛሬ ማታ ፍርሃት ይዞት የሚተኛ አንባቢ ቢኖር አይገርመኝም።

ያም ሆኖ ከሁለቱ የማስቀድመው የሷን ነው፤ ምክንያቴም ሰዋስው ነው። የፓኔክ ዋና ግሥ «አገኙ» ነው፤ ያለቀ፣ የተፈጸመ። የማክ «ቢሆን» ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ «ነገሩ እንዲህ ቢሆን፣ መጨረሻው እንዲህ ይሆናል» በሚል ላይ ይቆማል። አለማወቅን ደብቃ አታልፈውም፤ መጽሐፉን የምትገነባው በእሱ ላይ ነው። ነገሩ ራሱ ግን የሚገኘው በሦስተኛ ግሥ ላይ ነው፦ «እየለኩ ነው»። በዚህ ግሥ የተጻፈ መጽሐፍ ነው የቸገረኝ።

«እየለኩ ነው»

የሁለቱ መጻሕፍት ፈተና የመጣው ከአሪዞና ነው። ኪት ፒክ በተባለው ተራራ ላይ ባለ አራት ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ «ዴሲ» የሚባል መሣሪያ ተገጥሟል። 5,000 ትንንሽ ሮቦቶች እያንዳንዳቸው አንድ የብርሃን ገመድ ይዘው በአንድ ጊዜ 5,000 የሰማይ ነገሮች ላይ ያነጣጥራሉ። ዴሲ ፋኖስ አይቆጥርም። በጨቅላው ዩኒቨርስ ውስጥ የተጓዘ የድምፅ ሞገድ በጋላክሲዎች አሰፋፈር ላይ የተወው ቋሚ ርቀት አለ፤ ዴሲ ያንን እንደ ክንድ እየተጠቀመ በየዘመኑ የነበረውን የዩኒቨርስ ስፋት ይለካል።

በመጋቢት 2025 የሦስት ዓመት ውጤቱ ወጣ፤ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋላክሲዎችና ኳዛሮች። የዴሲ ልኬት ብቻውን ሲታይ ከማይለወጠው ማብራሪያ ጋር አይጣላም። ከሱፐርኖቫዎችና ከጥንቱ ብርሃን ልኬት ጋር ሲዳመር ግን ስውሩ ነገር ከጊዜ ጋር እየተዳከመ የመጣ ይመስላል። ወጡ ሳይቀጥን አልቀረም ማለት ነው። የማስረጃው ጥንካሬ፣ እንደተዳመረው የሱፐርኖቫ ስብስብ፣ ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ ነው፤ በፊዚክስ ልማድ «ግኝት» ለማለት 5 ይፈለጋል። ስለዚህ አልተረጋገጠም፤ ችላ የሚባልም አይደለም።

እንዲህ ያለ መመላለስ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለም። አልበርት አይንሽታይን በ1917 ዩኒቨርስን ባለበት ለማቆም ላምዳ የምትባል ፊደል ቀመሩ ውስጥ አስገባ፤ ዩኒቨርስ እንደሚሰፋ ሲታወቅ በ1931 ተዋት። በ1998 ያቺው ፊደል መስፋፋቱ ለምን እንደፈጠነ ልታስረዳ ተመለሰች። አንዲት ፊደል፣ ሁለት ተቃራኒ ሥራ። ባዶ ቦታ ምን ያህል ኃይል ሊኖረው እንደሚገባ ከቅንጣቶች ፊዚክስ ተነሥቶ በቀላሉ ሲሰላ ደግሞ ከተለካው የሚበልጥበት እጥፍ ባለ 120 ዜሮ ቁጥር ነው ይባላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነገሩን አውቀነዋል የሚል ስም ከየት ይመጣል?

ምን አገባን?

እንዲህ ያሉ ዜናዎች ስልካችን ላይ ሲደርሱ የማየው ምላሽ አለ። አንዱ ወገን «ሳይንቲስቶች የጨለማውን ኃይል አገኙ» ብሎ በሚያስፈራ ሙዚቃ ቪዲዮ ይሠራል። ልኬቱ ሲለወጥ ሌላው ወገን ይመጣና «ድሮም ውሸት ነበር፣ ይኸው ተገለበጡ» ይላል። ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ስሙን እንደ መልስ ነው የወሰዱት። መልስ ተሰጥቶኛል ብሎ ያመነ ሰው ልኬቱ በተሻሻለ ቁጥር የተታለለ ይመስለዋል። ጥያቄ መሆኑ የተነገረው ሰው ግን ያንኑ ዜና ሲሰማ «አሃ፣ ቀረቡ» ይላል።

ይህ ከኮስሞሎጂ ይሰፋል። ስለ ክትባት፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ጤናችን የሚነገረንን ሁሉ የምንሰማው በዚሁ ጆሮ ነው። «እስካሁን የለካነው ይህ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማክበር ያልለመደ አንባቢ ምርጫው ሁለት ብቻ ይሆናል፦ ሁሉን ማመን ወይም ሁሉን መካድ። የተርጓሚና የተራኪ ሥራ ሦስተኛ ምርጫ መስጠት ነው።

ፍርዴ ይኸው። ማክን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ በ«ቢሆን» ማሰብን ትለምዳላችሁ። ፓኔክን ቀጥሉ፤ ልኬት ስንት ሌሊትና ስንት ኩርፊያ እንደሚፈጅ ታያላችሁ። በአማርኛ የምትተርኩ ደግሞ፣ ቪዲዮም ሆነ ጽሑፍ፣ ስሙን ከመጥራታችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን አስቀድሙ፦ የዩኒቨርስ መስፋት እየፈጠነ ነው፤ ለምን እንደሆነ እየተለካ ነው። ከዚያ «ስውር ኃይል» በሉት፣ «ጨለማ» በሉት፣ አልጣላችሁም። ቀኑንም ጻፉ። ፓኔክ የተረከላት ቬራ ሩቢን በ2016 አረፈች፤ በስሟ የተጠራው ቺሊ የሚገኘው ታላቅ ቴሌስኮፕ በሰኔ 2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን አሳይቷል። በሐምሌ 2023 የመጠቀችው የአውሮፓ «ዩክሊድ»ም ሥራ ላይ ናት። በሚቀጥሉት ዓመታት ከእነዚህ የሚመጣው ቁጥር ዛሬ የጻፍኩትን ሊያጸናው ወይም ሊያስተካክለው ይችላል።